ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር የሚያደርሰው የእግር መንገድ

(በራዲዮ የተነገረ)

ሰው በአውሮፕላን በጥቂት ሰዓት የሚደርስበትን ስፍራ አንድ ወር ሙሉ በእግሩ ሲኳትንበት ቢታይ፥ ለጊዜው ወይ ገንዘብ ያጣ ወይ ልብ የጐደለው ይመስላል። ነገር ግን በየዓመቱ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች፥ ለባቡርም ለአውሮፕላንም የሚከፍሉት እያላቸው፥ ወደ ስፔን ሰሜን ምዕራብ ማዕዘን በእግራቸው ይጓዛሉ። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ መንገድ ነው። መንገዱ ማን ዘንድ እንደሚያደርስ፥ እነማን እንዳቀኑት፥ እንዴት ተረስቶ እንደ ገና እንደ ታደሰ፥ ዛሬም የሚያሰጋው ምን እንደ ሆነ ባጭሩ እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የዘብዴዎስ ልጅ ያዕቆብ ከወንድሙ ከዮሐንስ ጋራ መረቡን ትቶ ጌታን የተከተለ ዓሣ አጥማጅ እንደ ነበረ ወንጌል ይነግረናል። ንጉሥ ሄሮድስ በሰይፍ እንዳስገደለውም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችን ዕረፍቱን ሚያዝያ 17 ቀን ታስባለች። በምዕራባውያን ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት ደግሞ፥ ደቀ መዛሙርቱ ሥጋውን በመርከብ ጭነው ጋሊሲያ ወደምትባለው የስፔን አውራጃ ወስደው ቀበሩት ይላል። በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ቴዎዴሚር የተባለ ኤጲስ ቆጶስ መቃብሩ መገኘቱን አስታወቀ፤ የአስቱሪያስ ንጉሥ 2ኛ አልፎንሶም በስፍራው ላይ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ዛሬ የሚታየው ካቴድራል ሥራው በ1075 ተጀምሮ በ1211 ተባረከ። ከተማይቱ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ትባላለች፤ ሳንቲያጎ ማለትም ቅዱስ ያዕቆብ ማለት ነው። ስለ መቃብሩ እውነተኛነት የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ይሁን እንጂ ክርክራቸው ተጓዡን ከመንገዱ አላስቀረውም።

ወደዚህች ከተማ የሚያደርሱት መንገዶች ብዙዎች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን የፈረንሳይ መንገድ የሚባለው ነው። ይህም በፈረንሳይ አገር ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነሥቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ ተጓዡ ከ1,200 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ የፒሬኔን ተራሮች ይሻገርና በማታ ሮንሴስቫዬስ ከሚባለው ጥንታዊ ገዳም ይደርሳል። ከዚያ በፓምፕሎና፥ በሎግሮኞ፥ በቡርጎስና በሌዮን አድርጎ ወደ ምዕራብ ያመራል። ከቡርጎስ ወዲያ ያለው አገር ዛፍ የሌለበት የስንዴ ሜዳ ስለ ሆነ፥ በበጋ ፀሓዩ ያቃጥላል፤ ከፊት የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ግንብም ቢሄዱ ቢሄዱ የማይደረስበት ይመስላል። በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከአንድ ወር በላይ ጥቂት ቀን ጨምሮ ይጨርሰዋል። እግሩ ውሃ ይቋጥራል፤ ትከሻው ይላጣል፤ ያስፈልገኛል ብሎ የተሸከመው ዕቃ ግማሹ የማያስፈልግ መሆኑን በሦስተኛው ቀን ይረዳዋል።

በመካከለኛው ዘመን ግን ጉዞው ከዚህ እጅግ ይከብድ ነበር። የዚያን ጊዜ ተጓዥ ሳንቲያጎ በደረሰ ጊዜ የጨረሰው እኩሌታውን ብቻ ነው፤ እስከ ቤቱ የሚመለሰውም በእግሩ ነበርና። ስለቱን ሊፈጽም የሚሄድ ነበረ፤ ዳኛ ስለ በደሉ ፈርዶበት የሚሄድ ነበረ፤ ባለጸጋ ገንዘብ ከፍሎት በርሱ ፈንታ የሚሄድም ነበረ። ወንዝ ይወስደዋል፤ ወንበዴ ይዘርፈዋል፤ በሽታም በባዕድ አገር ያስቀረዋል። በ12ኛው መቶ ዓመት የተዘጋጀው ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ የተባለው የብራና መጽሐፍ ከክፍሎቹ አንዱን ለዚህ ጉዞ መምሪያ አድርጎታል፤ ውሃው የሚጠጣውን ወንዝና የማይጠጣውን ለይቶ እስከ መንገር ይደርሳል።

መንገዱን መንገድ ያደረጉት እንግዲህ እነማን ናቸው? ነገሥታትና ጳጳሳት ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ለይተን እናንሣ። በ11ኛው መቶ ዓመት ዶሚንጎ የሚባል ሰው ገዳም ለመግባት ቢለምን እንዳልተቀበሉት ይተረካል። እርሱም ተጓዦች በጫካውና በኦሃ ወንዝ ሲቸገሩ አይቶ፥ ጫካውን መነጠረ፤ ድንጋይ አነጠፈ፤ በወንዙ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ለደከሙትና ለታመሙት ማረፊያ ቤት አቆመ። በ1109 ሞቶ እዚያው ከመንገዱ ዳር ተቀበረ። ዛሬ በስፍራው ያለችው ከተማ ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ ትባላለች፤ ይኸውም የተነጠፈው መንገድ ቅዱስ ዶሚንጎ ማለት ነው። ወደ ሳንቲያጎ ያለፉት አያሌ መኳንንት ስማቸው ሲረሳ፥ የመንገድ ሠራተኛው ስም ከተማ ሆኖ ቀረ።

ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግን ተጓዡ እየቀነሰ ሄደ። የፕሮቴስታንት እምነት የተቀበሉት አገሮች ሕዝባቸውን ወደ ቅዱሳን መቃብር መላክ ተዉ፤ ጦርነትም መንገዱን ዘጋ። በ1589 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በጋሊሲያ ጠረፍ ባስፈራሩ ጊዜ የሳንቲያጎ ሊቀ ጳጳስ የሐዋርያውን ዐፅም አስደበቀ፤ መደበቂያውም ስለ ተረሳ እስከ 1879 ድረስ ሳይገኝ ቈየ። በ1884 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት 13ኛ ሌዎ የተገኘው ዐፅም የሐዋርያው ነው ብለው አጸኑ። እንዲህም ሆኖ በእግሩ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ የመንገዱም ብዙው ክፍል በእርሻና በቍጥቋጦ ተውጦ ነበር።

ይህን መንገድ እንደ ገና ከቀሰቀሱት ሰዎች ዋናው የአንድ የተራራ መንደር ቄስ ናቸው። አባ ኤልያስ ቫሊኛ በጋሊሲያ በር ላይ ባለችው በኦ ሴብሬይሮ ያገለግሉ ነበር። የመንገዱን ታሪክና ሕግ መርምረው የዶክተርነት ድርሰት ጻፉ። ነገር ግን ድርሰት ብቻውን መንገደኛን እንደማይመራ ስላወቁ፥ በ1984 ቢጫ ቀለምና ብሩሽ በመኪናቸው ጭነው ተነሡ፤ በየመስቀለኛው መንገድ፥ በየድንጋዩ፥ በየግንዱና በየአጥሩ ላይ ቀስት እየሣሉ አለፉ። ቀለሙ ከአውራ ጐዳና ሥራ የተረፈ እንደ ነበረ ይነገራል። አባ ኤልያስ በ1989 ዐረፉ። ቢጫው ቀስት ግን ዛሬ የመንገዱ ሁሉ ምልክት ነው፤ የአገሩን ቋንቋ የማያውቀው እንኳ በርሱ ይመራል። በ1987 የአውሮፓ ምክር ቤት መንገዱን የአውሮፓ የባህል መንገድ ብሎ ሰየመው፤ በ1993ም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በ1986 ሳንቲያጎ ደርሰው የተመዘገቡት ተጓዦች ከ3,000 ያነሱ ነበሩ፤ በ2024 ግን ወደ 500,000 ተጠጉ።

የዛሬው ተጓዥ በጉዞው መጀመሪያ አንድ ደብተር ይቀበላል። በሚያድርበት ማረፊያ፥ በሚያልፍበት ቤተ ክርስቲያን፥ አንዳንድ ጊዜም በሚበላበት ቤት ደብተሩ በማኅተም ይመታል። ሳንቲያጎ ሲደርስ ለጉዳዩ ወደ ተቋቋመው ጽሕፈት ቤት ገብቶ ደብተሩን ያቀርባል። ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር፥ ወይም 200 ኪሎ ሜትር በቢሲክሌት መምጣቱ ከተረጋገጠ፥ ኮምፖስቴላ የሚባለው በላቲን ቋንቋ የተጻፈው የምስክር ወረቀት ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። ለምን እንደ መጣም ይጠየቃል፤ ምክንያቱ ከመንፈስ ጉዳይ ውጭ ከሆነ የሚሰጠው ሌላ ዐይነት ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ሥጋቱ እንምጣ። ቀድሞ መንገዱን የጐዳው የሰው ማነስ ነበረ፤ ዛሬ የሚያስቸግረው የሰው ብዛት ነው። ብዙ ሰው ከመቶው ኪሎ ሜትር ወሰን ትንሽ አለፍ ብላ ካለችው ከሳሪያ ተነሥቶ ለወረቀቱ የሚበቃውን ብቻ ይሄዳል። ሻንጣውን በመኪና ልኮ እጁን እያወናጨፈ የሚሄድ አለ። አልጋ እንዳይያዝበት ገና ሳይነጋ በመብራት የሚሮጥ አለ። የሳንቲያጎ ነዋሪዎችም የመኖሪያ ቤቱ ለእንግዳ ማደሪያ እየዋለ ኪራይ ተወደደብን ብለው ያማርራሉ። በዚህ ምክንያት ጉዞው ንግድ ሆኗል፥ በረከቱም ቀርቷል የሚሉ አሉ።

ይህ ፍርድ በከፊል እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ገንዘብ ከፍሎ ሌላውን በፈንታው ያስኬድ የነበረው የጥንቱ ባለጸጋ ሻንጣውን በመኪና ከሚልከው የዛሬው ሰው አይሻልም። ሽማግሌና በሽተኛም 100 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ከጕልማሳው 800 የሚበልጥ ድካም ሊሆን ይችላል። ከዚህም ጋራ ተጓዡ የቻለውን ሰጥቶ የሚያድርባቸው ማረፊያዎች ዛሬም አሉ። በነዚህ ቤቶች ውስጥ ፈቃደኞች ያለ ደመወዝ ወለል ይጠርጋሉ፥ ሾርባ ይሠራሉ፥ የቈሰለ እግር ያጥባሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ ራሳቸው አስቀድመው መንገዱን የሄዱና የተደረገላቸውን ለሌላ ለማድረግ የተመለሱ ናቸው።

ክቡራን አድማጮች፥ ማኅተም የተሄደውን ኪሎ ሜትር ይመሰክራል፤ የሄደውን ሰው ልብ ግን ሊመሰክር አይችልም። በመዝገብና በማኅተም መካከል የምንውል ሰዎች ይህን ልዩነት ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ ከሺሕ ዓመት በላይ የቈየው የሚሄድበት ሰው ሁሉ ጻድቅ ስለ ነበረ አይደለም። በየዘመኑ አንዱ ድልድይ ስለ ሠራ፥ ሌላው አልጋ ስላነጠፈ፥ ሌላውም ለማያውቀው መንገደኛ ቀስት ስለ ሣለ ነው። ብዛቱ የሚያሰጋውም ስለዚህ ነው፤ ሁሉም ተስተናጋጅ ሆኖ አስተናጋጅ የጠፋ ቀን፥ ቀስቱ በየድንጋዩ ላይ ቢቀርም መንገዱ እንደ ገና ይዘጋል።