ያገለገለ ላንድክሩዘር ቪ8

ላንድክሩዘር ቪ8 በኢትዮጵያ ለቶዮታ ላንድክሩዘር 200 የተሰጠ የተለምዶ ስም ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2021 ተመርቶ ቦታውን ለላንድክሩዘር 300 ስለለቀቀ፣ ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኘው ያገለገለው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በብዙ አገሮች የቅንጦት መኪና ዋጋ ከዕድሜው ጋር ይወርዳል፤ ዝቅተኛ ዋጋም ገዢውን «ይህ መኪና ብዙ ሠርቷል» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። በኢትዮጵያ ግን ግብርና የአቅርቦት እጥረት የአሮጌውን መኪና ዋጋ ከፍ አድርገው ስለያዙት፣ ዋጋው ስለ መኪናው ደኅንነት የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ገዢው ከዋጋው ይልቅ ሞተሩን፣ ሻንሲውንና ሰነዱን መመርመር ይኖርበታል።

ስያሜና ዓይነቶች

ቶዮታ የመጀመሪያውን የመስክ መኪና «ቶዮታ ጂፕ ቢጄ» በሚል ስም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ ላንድክሩዘር የሚለው መጠሪያ የወጣው በ1954 ነው። ላንድክሩዘር 200 የተተካው በላንድክሩዘር 100 እግር ነው። «ቪ8» የሚለው ስም የመጣው ከሞተሩ አሠራር ነው። ስምንቱ ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ረድፎቹም ከታች ተገናኝተው ወደ ላይ ስለሚከፈቱ ቅርጹ የላቲኑን «ቪ» ፊደል ይመስላል።

መኪናው በሚከተሉት ሞተሮች ተመርቷል፦

• 4.5 ሊትር ናፍጣ (1ቪዲ-ኤፍቲቪ)፣ ስምንት ሲሊንደርና ሁለት ቱርቦ ያለው፤
• 4.7 ሊትር ቤንዚን (2ዩዜድ-ኤፍኢ)፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተገጠመ፤
• 4.6 ሊትር ቤንዚን (1ዩአር-ኤፍኢ)፣ በበርካታ አገሮች 4.7ቱን የተካ፤
• 5.7 ሊትር ቤንዚን (3ዩአር-ኤፍኢ)፣ በተለይ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚታወቅ፤
• 4.0 ሊትር ቤንዚን (1ጂአር-ኤፍኢ)፣ ስድስት ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የቀረበ።

የመጨረሻው በውጭ አካሉ ከሌሎቹ ስለማይለይ፣ «ቪ8» እየተባለ የሚሸጥ መኪና ሁሉ ስምንት ሲሊንደር አለው ማለት አይደለም። የሞተሩን ዓይነት በእርግጠኝነት የሚናገረው በመኪናው ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳና በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው።

የሞተሩ ምርጫ ከቦታው ከፍታም ጋር ይያያዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ምክንያት ጉልበቱ ይቀንሳል። የናፍጣው ሞተር ግን አየሩን በቱርቦ ጨምቆ ስለሚያስገባ የከፍታው ጉዳት ይቀንስለታል።

ዋጋው ለምን አይወርድም

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ለማዳከም የታሰበ ነበር። በአዋጁ መሠረት ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ አውቶሞቢል 100 በመቶ ኤክሳይዝ ሲከፈልበት፣ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለው 500 በመቶ ተጣለበት። ተጨማሪ እሴት ታክስና ሌሎች ክፍያዎች በዚህ ላይ ይታከላሉ። የላንድክሩዘር 200 ትንሹ ሞተር እንኳ 4,000 ሲሲ ገደማ በመሆኑ፣ ሁሉም ዓይነት በከፍተኛው እርከን ውስጥ ይወድቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ።

የእነዚህ እርምጃዎች ውጤት ቀላል ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ሲጠብ አገር ውስጥ ያለው ይወደዳል። አሥር ዓመት የሠራ መኪና ባለቤቱ ከገዛበት በላቀ ብር ሊሸጥ ይችላል። ሻጩ በዚህ ቢጠቀምም ገዢው ለአሮጌ ዕቃ የአዲስ ያህል ይከፍላል፤ የመኪናው ድካም ግን በዋጋው ውስጥ አይታይም።

ከየት ይመጣል

አብዛኛው ያገለገለ ቪ8 ከአራት ምንጮች ይገኛል፤ እነሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ኤምባሲዎች፣ የግል ድርጅቶች እንዲሁም ግለሰቦች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መኪኖቻቸውን ብዙ ጊዜ በጨረታ የሚሸጡት «ባለበት ሁኔታ» በሚል ውል ነው። ይህ ማለት ርክክቡ ከተፈጸመ በኋላ የሚገኘው ብልሽት የገዢው ዕዳ ነው ማለት ነው።

የድርጅት መኪና ጥቅሙ የጥገና መዝገብ ያለው መሆኑ ነው። በአንጻሩ ዕድሜውን በኮረኮንች መንገድ ላይ ያሳለፈ ሊሆን ይችላል። የከተማ መኪና ሻንሲውና ሞላው ቢድንለትም፣ ለረጅም ሰዓት ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ስለሚውል ሞተሩ የኪሎሜትር ቆጣሪው ከሚያሳየው በላይ ሠርቶ ይገኛል።

ከግዢ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው የሚጀመረው ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ነው። ሻጩ ቀድሞ ያሞቀው ሞተር ብዙ ሕመሙን ይደብቃል። ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል፤ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ሊያመለክት ይችላል፤ ጥቁር ጭስ ደግሞ የነዳጅ ወይም የአየር አቅርቦት ችግር ምልክት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የ4.5 ሊትር ናፍጣ ሞተሮች ዘይት በማጉደል ስለሚታወቁ የዘይቱ መጠን በዱላው መለካት አለበት።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው ሳጥን ይከፈታል። ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ጣት ሲታሽ አቧራ ከያዘ፣ ሞተሩ አቧራ ሲስብ ቆይቷል። አቧራ ቱርቦውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ሞረድ ይበላል፤ ጉዳቱም በዘይት ቅየራ አይመለስም።

በውሃ ፓምፑና በራዲያተሩ ዙሪያ የደረቀ ሮዝ ቅሪት ቢታይ የቶዮታ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ መቆየቱን ያሳያል። የ4.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር የታይሚንግ ቀበቶ ያለው ሲሆን፣ በፋብሪካው በተወሰነው ርቀት ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ሌሎቹ ሞተሮች በሰንሰለት ስለሚሠሩ ይህ ስጋት የለባቸውም።

የመኪናው አካል የተቀመጠው ራሱን በቻለ የብረት ሻንሲ ላይ ነው። ይህ አሠራር ጥንካሬ ቢሰጠውም ለማታለል ያመቻል፤ የተገለበጠ መኪና አካሉ ተቀይሮና ቀለም ተቀብቶ አዲስ ሊመስል ይችላል፣ የተጣመመው ሻንሲ ግን ከሥር ይቀራል። ስለዚህ መኪናው በጋራዥ ከፍ ተደርጎ ብየዳ፣ ስንጥቅና ዝገት ይፈለግበታል። በቀጥታ መንገድ ላይ መሪው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ፣ ወይም ጎማዎቹ እኩል ካልተበሉ ምክንያቱ መታወቅ አለበት። ኬዲኤስኤስ የተባለው የሃይድሮሊክ ሚዛን መጠበቂያ ያላቸው መኪኖች በለጥ ያለ ቦታ ቆመው ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ጥገናው ውድ ነው።

የኪሎሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የተላጠ መሪ፣ ያለቀ የፔዳል ጎማና የሰመጠ የሹፌር ወንበር «90,000» ከሚል ቁጥር ጋር አይስማሙም።

ሰነድ

በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከዚያም መኪናው የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ከሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይጣራል።

ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ መኪና ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ መከፈል ስላለበት፣ ርካሽ የመሰለው ዋጋ ክፍያው ሲደመርበት ሊያሻቅብ ይችላል። ቀረጡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በውሉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

ሌላው አደጋ ስም ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ መግዛት ነው። ወካዩ ከሞተ ወይም ውክልናውን ከሻረ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ፣ መኪናውንም እየነዳ፣ በሕግ ፊት ግን ባለቤት ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ሽያጩ በሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቦ ስሙ ወዲያው ሲዛወር ይህ ስጋት ይወገዳል።

የመያዝ ወጪ

በፋብሪካው ልኬት የናፍጣው ቪ8 በ100 ኪሎሜትር 10 ሊትር አካባቢ ይፈጃል፤ የ5.7 ሊትሩ ቤንዚን ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት ልኬት 16 ሊትር ገደማ ነው። በከተማ መጨናነቅ ሁለቱም ከዚህ ይበልጣሉ። በወር 1,000 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው በሁለቱ መካከል በዓመት ወደ 720 ሊትር የሚጠጋ ልዩነት ያያል።

የመኪናው ክብደት 2.5 ቶን አካባቢና ከዚያ በላይ በመሆኑ የፍሬን ሸራ፣ ጎማና ሾክ አብዞርበር ቶሎ ያልቃሉ። የናፍጣው ሞተር ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት ስለሚረጭ በውሃ ወይም በቆሻሻ የተበከለ ናፍጣ መርጫዎቹን ያበላሻል፤ የነዳጅ ማጣሪያውን በጊዜው መቀየር ከስምንት መርጫዎች ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ለአውሮፓና ለአውስትራሊያ በኋለኞቹ ዓመታት የተሠሩት በጭስ ማውጫቸው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ ስላላቸው፣ አጫጭር የከተማ ጉዞ ብቻ ሲያደርጉ ይዘጋሉ።

የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው። ሙሉ የመድን ሽፋን ግን የሚሰላው በመኪናው ዋጋ በመሆኑ፣ ዋጋው የማይወርድ መኪና የመድን ክፍያውም አብሮት አይወርድም። በዚህ ምክንያት ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለግዢ የሚያውል ሰው መኪናውን ለመያዝ ይቸገራል። ለመጀመሪያው ዓመት ዘይት፣ ማጣሪያ፣ ጎማ፣ ፍሬንና መድን የሚሆን ገንዘብ ከግዢው ዋጋ ውጪ ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ ይህ ከሌለ ከውዱ ቪ8 ይልቅ በአግባቡ የተያዘ ትንሽ መኪና ይሻላል።