ከመስመሩ ውጪ የመቆም ሙያ

አሠልጣኝነት ሌላው ሰው በራሱ እንዲችል የማዘጋጀት ሙያ ስለሆነ፣ ዋናው ሥራው የሚያልቀው ውድድሩ ሳይጀመር ነው፤ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ አሠልጣኙ በኳሱ ላይ ሥልጣን የለውም። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ የአሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 ሲረታ፣ ግቦቹን ያስቆጠሩት ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ይድነቃቸው ራሳቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ስመ ጥር ግብ አግቢ እንደነበሩ ለሚያውቅ፣ በዚያች ሰዓት ከመስመሩ ውጪ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግተውም።

በኮልፌ አጠና ተራ ዙሪያ ባሉት የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች ያለው ባለቤትም ብዙውን ጊዜ ያው የቀድሞ ግብ አግቢ ነው፤ ድርጅቱን ያቋቋመው በእጁ ሙያ ነውና። ረዳቱ የበር ማዕዘን ሲበይድ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ካለበት፣ ባለቤቱ የብየዳ ፒንሳውን ከእጁ ተቀብሎ ራሱ ይጨርሰዋል፤ በሩ በቀጠሮው ይደርሳል፤ ረዳቱ ግን ኤሌክትሮዱን ምን ያህል ማራቅ፣ በምን ፍጥነት መሳብ እንደነበረበት ሳይረዳ ወደ ቀጣዩ በር ይሻገራል። ቀብድ የተቀበለና ቀን የቆረጠ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ክፋት አይባልም፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ቤት በየቀኑ ይወዳደራል እንጂ አንድም ቀን አይለማመድም፣ የሚያሳዝነውም ይህ ነው።

ኮልፌ የልምምድን ሥርዓት የምታውቅ ሰፈር ናት። የዋንጫው ፍጻሜ በተደረገበት በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ሲሠለጥኑ፣ ግለ ታሪካቸው እንደሚገልጸው፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 7 ሰዓት ልምምድ፣ ከዚያ ምሳና እረፍት፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ዳግመኛ ልምምድ፣ ከዚያም እስከ ምሽት የኮሎኔል ታደሰ ብሩ ትምህርት ነበር። ጉዳዩ ስፖርት ባይሆንም፣ የስፖርት ሰዎች የሥልጠና ጫና የሚሉት፣ ማለትም ሠልጣኙ ሊሸከመው የሚችለውን የሥራ መጠን ከእረፍት ጋር እየቀያየሩ መስጠት፣ በዚህ ቀን ውስጥ በግልጽ ይታያል። ኮሎኔሉ ያስተማሩትም፣ አዛዥ በግዳጅ ላይ በጽናት እንዲያዝ፣ ከግዳጅ ውጪ ግን ከተራው ወታደር ጋር በእኩልነት እንዲኖር ነበር።

የቤት ኪራይና መብራት የሚከፍል ሥራ ቤት የሙሉ ቀን ልምምድ ሊያዘጋጅ አይችልም፤ ይሁን እንጂ ትዕዛዝ ሳይነካ ማለዳ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ከተረፈ ቱቦላሬ ላይ መበየድ ይቻላል። ግብረ መልስ የሚባለው፣ ሠሪው ስለ ሥራው የሚመለስለት አስተያየት፣ የሚጠቅመው አስቀድሞ ሠሪው ራሱ ሲናገር ነው። ስለዚህ ባለቤቱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ ረዳቱ ብየዳውን በመዶሻ ሰብሮ ውስጡን ያያል፤ የት እንደሳተ እስኪናገርም ድረስ ፒንሳው ከእጁ አይወሰድም።