የመጠበቂያ ምልክት በእጅ ስልክ ገጽ ላይ

አንድ ሰው ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ መሥሪያ ቤት ሄዶ ማመልከቻውን በመስኮት ያቀርባል እንበል። ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀብሎ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ ውስጥ ገብቶ ቢቆይበት፣ ባለጉዳዩ «ጉዳዬ ተይዟል ወይስ ተረስቷል?» እያለ መስኮቱን ደጋግሞ ማንኳኳቱ አይቀርም። በእጅ ስልክ የሚገለገል ሰውም ከዚህ ባለጉዳይ አይለይም። ቁልፍ ነክቶ በገጹ ላይ ምንም ለውጥ ካላየ፣ ትእዛዙ እንዳልተሰማ ቈጥሮ ደግሞ ይነካል። የነካው የገንዘብ መላኪያ ቁልፍ እንደ ሆነና ፕሮግራሙም ድጋሚውን ለይቶ የማያውቅ እንደ ሆነ፣ አንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ይችላል።

ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ የመጠበቂያ ምልክት ተፈጠረ። ምልክቱ በሁለት ዐይነት ይከፈላል። ሥራው መቼ እንደሚያልቅ በማይታወቅበት ጊዜ የሚሽከረከር ቀለበት ይታያል፤ ምን ያህሉ እንደ ተከናወነና ምን ያህል እንደ ቀረ ሲታወቅ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚሞላ መስመር ይታያል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. ብራድ ማየርስ የተባለ የኮምፒዩተር ተመራማሪ ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች የሥራውን ሂደት የሚያሳይ ምልክት ቢኖር እንደሚመርጡ አመልክቷል።

ምልክቱ መቼ ይውጣ የሚለውም ጥያቄ መልስ አለው። ያዕቆብ ኒልሰን የተባለው ምሁር በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከዚያ በፊት የተደረጉ ጥናቶችን መሠረት አድርጎ ሦስት ወሰኖችን አስቀምጧል። በ0.1 ሴኮንድ ውስጥ የመጣ መልስ ወዲያው የመጣ ይመስላል፤ እስከ 1 ሴኮንድ ቢዘገይ መዘግየቱ ይታወቃል እንጂ ሐሳብ አይቋረጥም፤ ከ10 ሴኮንድ ሲያልፍ ግን የሰውየው ልብ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ በቅጽበት ለሚያልቅ ሥራ ምልክት ማውጣት ዐይንን ከማወክ በቀር ጥቅም የለውም።

የተዘጋጀውን ምልክት ለመተግበሪያው እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ አስቸጋሪ አይደለም። ለምሳሌ ያህል የጉግል ኩባንያ ባዘጋጀው ፍለተር በተባለው የመተግበሪያ መሥሪያ ውስጥ ክብ ምልክት ተዘጋጅቶ ይገኛል። ፕሮግራም ጸሐፊው ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ሲሰጠው ቀለበቱ በዚያው መጠን ይሞላል፤ ይኸውም 0.5 ቢሰጠው እኩሌታው ይሞላል ማለት ነው። ቁጥር ካልተሰጠው ያለ ማቋረጥ ይሽከረከራል። ቀለሙንና የመስመሩንም ውፍረት እንደ ፈቃዱ መወሰን ይችላል።

ይሁን እንጂ ፈቃድ ሁሉ አይጠቅምም። ብዙዎች ለውበት ብለው ነጭ ገጽ ላይ ስስ ግራጫ ቀለበት ያደርጋሉ፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን ለሚያይ ሰው ይህ ከአለመኖር አይሻልም። በ2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ እንዲህ ያለ ምልክት ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት ከ3 ለ1 እንዳያንስ ያዛል። ማየት ለተሳናቸውም በድምፅ የሚነበብ ቃል ከምልክቱ ጋር መያያዝ አለበት።

በአማርኛ ሲሆን ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። «ጠብቅ» ቢባል ለወንድ፣ «ጠብቂ» ቢባል ለሴት ነው፤ መተግበሪያው ግን ስልኩን የያዘው ማን እንደ ሆነ አያውቅም። በአክብሮት «እባክዎ ይጠብቁ» ቢል ለሁለቱም ይሆናል። ከዚህ የከፋው የተለመደው «በመጫን ላይ» የሚለው አነጋገር ነው። «መጫን» አህያ ላይ ሸክም ማድረግ ነው፤ በጣት ቁልፍን መንካትም ነው። «ቁጥር 1ን ይጫኑ» ሲባል ለሰማ ተጠቃሚ ሁለተኛው ትርጉም ይቀርበዋል፤ እንዳይነካ የተፈለገው ሰው ንካ የተባለ ሊመስለው ይችላል። «ክፍያዎ በመፈጸም ላይ ነው» ቢባል ግን የሚሠራው ሥራ በስሙ ተጠራ ማለት ነው። ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ የተነካውን ቁልፍ እንዳይሠራ ማድረግም ተገቢ ነው።

የቀረው የመጨረሻው ጉዳይ ኔትዎርክ ሲቋረጥ ነው። ቀለበቱ የሚሽከረከረው በስልኩ በራሱ ኃይል ስለ ሆነ፣ ከወዲያ መልስ የሚሰጥ ባይኖርም መዞሩን አያቆምም፤ ተጠቃሚውም ሥራው የቀጠለ እየመሰለው ይቀመጣል። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊው የጊዜ ገደብ ወስኖ፣ ገደቡ ሲያልፍ ቀለበቱ እንዲጠፋና በምትኩ «መልስ አልመጣም፤ ክፍያው መፈጸሙን ሳያረጋግጡ እንደገና አይላኩ» የሚል ጽሑፍ ክፍያውን ከሚያረጋግጡበት ቁልፍ ጋር እንዲወጣ ያደርጋል።