«እኔ» የሚባለው ማን ነው? ስለ ተውላጠ ስሞች ተረትና እውነታ

ተውላጠ ስም በስም ምትክ የሚገባ ቃል ወይም በግሥ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ሲሆን፣ አእምሮ በሰማው ቁጥር ማንን እንደሚያመለክት ወዲያውኑ መወሰን ይኖርበታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በኖሩባት በካርቱም፣ በተለይም በደይም ሰፈር፣ አማርኛና የሱዳን ዓረብኛ በአንድ ሰው አንደበት ሲፈራረቁ ኖረዋል፤ በመሆኑም ይህ የአእምሮ ሥራ በሁለቱ ቋንቋዎች የት እንደሚመሳሰልና የት እንደሚለያይ ማወቅ ለአስተርጓሚም ለመምህርም ይጠቅማል። ይሁንና ስለ ጉዳዩ በስፋት ከሚታመኑት ሐሳቦች አንዳንዶቹ ስሕተት ናቸው።

ተረት፦ ተውላጠ ስም የሚያመለክተው በቅርብ የተጠራውን ሰው ነው።

እውነታ፦ «ዳዊት በሰለሞን ፊት ራሱን ወቀሰ» ሲባል በቅርብ የተጠራው ሰለሞን ቢሆንም ተወቃሹ ዳዊት ነው። እንደ «ራሱን» ያለ፣ ድርጊቱን ወደ ፈጻሚው የሚመልስ ቃል ራስ ተመላሽ ይባላል። «ዳዊት ወቀሰው» ከተባለ ግን ተወቃሹ ሌላ ሰው እንጂ ዳዊት ሊሆን አይችልም። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልዩነት በሕግ መልክ አስቀምጦታል፤ በዚህ ሕግ መሠረት ራስ ተመላሽ ቃል ባለቤቱን በዚያው ግሥ ክልል ውስጥ ሲያገኝ፣ ተራ ተውላጠ ስም ደግሞ ከዚያ ክልል ውጭ ይፈልጋል። ዓረብኛም «ነፍስ» በሚለው ስም ላይ የባለቤትነት ቅጥያ በመጨመር ተመሳሳይ ሥራ ስለሚያሠራው፣ ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ረገድ ይቀራረባሉ።

ተረት፦ የሰዋስው ሕግ ብቻውን ለመረዳት ይበቃል።

እውነታ፦ «ዳዊት ሰለሞንን ፈራው፤ ምክንያቱም ኃይለኛ ነው» ሲባል ኃይለኛው ሰለሞን እንደሆነ፣ «ዳዊት ሰለሞንን ይቅርታ ጠየቀው፤ ምክንያቱም አጥፍቷል» ሲባል ደግሞ አጥፊው ዳዊት እንደሆነ አድማጭ ያለ ችግር ይረዳል። የሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አወቃቀር ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ትርጉሙን የለየው፣ መፍራትና ይቅርታ መጠየቅ ከማን የሚመጣ ምክንያት እንዳላቸው አእምሮ አስቀድሞ ማወቁ ነው።

ተረት፦ አንደኛ መደብ ምንጊዜም የሚያመለክተው በዚያ ሰዓት የሚናገረውን ሰው ነው።

እውነታ፦ ፈላስፋው ዴቪድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ሥራው «እኔ» በማናቸውም ግሥ ሥር ቢገባ ከተናጋሪው እንደማይነቀል ተከራክሮ፣ ይህን ሊለውጥ የሚችለውን ነገር «ጭራቅ» ብሎ ሰይሞታል። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሽሌንከር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናት አማርኛን በማስረጃነት አቅርቦ ተከራከረው፤ «ዳዊት ጀግና ነኝ ይላል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ጀግና የተባለው ወሬውን የሚያቀብለው ሰው ሳይሆን ዳዊት ነውና። ይህ በቀጥታ የተጠቀሰ ንግግር ብቻ ነው የሚል መከራከሪያ ቢነሣ፣ «ዳዊት መቼ እመጣለሁ አለ?» የሚለው የዘወትር ጥያቄ መልስ ይሆናል፤ «መቼ» የጠያቂው እንጂ የዳዊት ቃል ስላልሆነ ንግግሩ እንዳለ አልተጠቀሰም፣ ሆኖም «እመጣለሁ» የሚያመለክተው ዳዊትን ነው። በምሥራቅ ቱርክ የሚነገረው ዛዛኪም ተመሳሳይ ባሕርይ እንዳለው ከዚያ በኋላ ታይቷል።

በሱዳን ዓረብኛ ግን «ጋል ሁወ ዐያን»፣ ማለትም «እሱ ታሟል አለ»፣ በማለት በሦስተኛ መደብ ማቀበል የተለመደ ነው። ስለዚህ «ታምሜአለሁ አለ» የሚለውን አማርኛ አስተርጓሚው መደቡን ሳይለውጥ ወደ ዓረብኛ ቢያሻግረው፣ የሚያዳምጠው ሐኪም ታማሚው አስተርጓሚው ነው ብሎ ሊረዳ ይችላል።

ተረት፦ ሕፃናት በተውላጠ ስሞች የሚሳሳቱት ማሰብ ስለማይችሉ ነው።

እውነታ፦ ተመራማሪዎቹ ቺየንና ዌክስለር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሕፃናት ራስ ተመላሹን በትክክል በሚረዱበት ዕድሜ ተራውን ተውላጠ ስም እንደ ራስ ተመላሽ አድርገው ሊቀበሉ እንደሚችሉ አሳይቷል። ችግሩ የማሰብ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ባሳሳታቸው ነበር፤ የተሳሳቱት በአንዱ ብቻ መሆኑ ግን ሁለቱ የቃል ዓይነቶች በአእምሮ ውስጥ በተለያየ መንገድ እንደሚስተናገዱ ያመለክታል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የፈነዳው ጦርነት ብዙ ሰዎችን በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ስላሻገረ፣ የሁለቱ ቋንቋዎች ትርጉም ዛሬ ቃለ መጠይቅ በሚደረግበትና ሕክምና በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የሰው ጉዳይ የሚወሰንበት ሥራ ሆኗል። አስተርጓሚዎችን የሚያሠለጥኑ ሁሉ የቃላት ዝርዝር ከማስያዛቸው በፊት፣ «አለ» ከሚለው ግሥ ሥር ያለው «እኔ» ማን እንደሆነ ለይቶ ማሻገርን ሊያስተምሩ ይገባል።