ከወረራ እስከ ጂ6፦ በጥቁር ጠጠር መሐሉን ሳይዙ መቆጣጠር

ጥንታዊው የአገራችን ሰንጠረዥ በዓለም አቀፉ ቼዝ ውስጥ የሌለ አንድ ደንብ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቾቹ ተራ አይጠብቁም ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠሮቻቸውን እያንቀሳቀሱ ሰልፋቸውን ያደራጁ ነበር። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል፤ የሚያበቃውም የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጨዋታ ታሪክና ሕግጋት ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። በወረራ ጊዜ ተጫዋቹ የባላንጣውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ ሐሳቡን ቀድሞ የገለጠ ይጎዳል።

በዛሬው ቼዝ ወረራ የለም። ነጭ ይጀምራል፣ ጥቁር ይከተላል። ታዲያ ጥቁር ያንን የጥንቱን ነጻነት በምን መንገድ ሊያገኝ ይችላል?

እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ የነበረው ትምህርት የሰሌዳውን አራት መካከለኛ ቤቶች፣ ማለትም ዲ4፣ ኢ4፣ ዲ5 እና ኢ5ን፣ በወታደር መያዝ ግዴታ ነው የሚል ነበር። ምክንያቱ በቀላሉ ይቆጠራል፦ በሰሌዳው ጥግ ያለ ፈረስ የሚደርሰው 2 ቤት ብቻ ሲሆን፣ መሐል ላይ ግን 8 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኒምዞቪች፣ ሬቲ፣ ብሬየርና ታርታኮወር የመሐሉን ዋጋ ሳይክዱ «መቆጣጠር ማለት የግድ መያዝ አይደለም» ብለው ተነሡ። ሬቲ በ1924 ኒው ዮርክ ላይ፣ ለስምንት ዓመታት ያህል ያልተሸነፈውን ካፓብላንካን በዚሁ አስተሳሰብ ሲረታ ብዙዎች ጆሮ ሰጡ።

ለጥቁር ከዚህ ቤተሰብ እጅግ ተለዋዋጭ የሆነው «ሞደርን» የሚባለው መከላከያ ነው። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4 ሲገፋ ጥቁር ወደ ጂ6 ይገፋል፤ ነጭ ዲ4 ሲይዝ ጥቁር ቢሾፑን ጂ7 ላይ ያሳርፋል። ይህ ቢሾፕ በመነሻው በኤፍ8 ቢቆይ ባዶ ሰሌዳ ላይ እንኳ የሚያየው 7 ቤት ነው፤ ከጂ7 ግን 9 ያያል፤ ከእነዚህም ኢ5 እና ዲ4 ይገኙበታል። መሐል ቢቆም 13 ቤት ባየ ነበር፤ ዳሩ ግን እዚያ ለጥቃት የተጋለጠ ይሆናል። ከሩቅ መተኮሱ ይሻላል።

ቀጥሎ ጥቁር አብዛኛውን ጊዜ ዲ6 ይጫወትና ይጠብቃል። ነጭ ሰልፉን ሲገልጥ በሲ5፣ በኢ5፣ ወይም በኤ6 እና ቢ5 ይመልሳል፤ ፈረሱን ወደ ኤፍ6 ካወጣ ደግሞ «ፒርክ» ወደሚባለው መከላከያ ይሻገራል። እንዲህ ያለው መሻገር የቼዝ ሒሳባዊ ባሕርይ ነው። ሁለቱም ወገኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጫወቱ 197,281 የተለያዩ የአጨዋወት ቅደም ተከተሎች ይኖራሉ፤ የሚደረስባቸው የተለያዩ አቋሞች ግን 72,000 ያህል ብቻ ናቸው። ብዙ መንገድ ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ውጫሌን ሳያስቡ ማለፍ ይከብዳል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ በተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ የአማርኛው ቃል ለአፄ ምኒልክ ምርጫ ሲተው የጣሊያንኛው ግን ያስገድድ ነበር። የጥቁር ተጫዋችም ጥረት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፦ «ይቻላል» የሚለውን ለራሱ ማቆየት፣ «ግዴታ» የሚለውን መግፋት።

ሆኖም ነጻነቱ ዋጋ አለው፤ በእኔ ግምት ጀማሪዎች የሚሸነፉት ይህን ዋጋ ስለሚረሱ ነው። የሚከተለውን በሰሌዳ ላይ ይሞክሩት። ነጭ በተራው ኢ4፣ ዲ4፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ቢሾፕ ሲ4 ተጫውቷል፤ ጥቁር ደግሞ ጂ6፣ ቢሾፕ ጂ7፣ ዲ6፣ ከዚያም «ምንም አይደል» ብሎ ፈረሱን ከቢ8 ወደ ዲ7 አወጣ። ነጭ በቢሾፑ ኤፍ7 ያለውን ወታደር ይበላል! ንጉሡ ቢሾፑን ከበላ የነጭ ፈረስ ጂ5 ላይ ዘሎ ያጠቃዋል። ንጉሡ ወደ ኢ8 ወይም ኤፍ8 ቢያፈገፍግ ፈረሱ ኢ6 ይገባል፤ በራሷ ጠጠሮች የታጠረችው የጥቁር ንግሥት መውጫ የላትም። ወደ ኤፍ6 ቢወጣ ደግሞ የነጭ ንግሥት ኤፍ3 ላይ ቆማ ማት ታደርገዋለች። የጥፋቱ ሥር ግልጽ ነው፦ ዲ7 የቆመው ፈረስ የሲ8ን ቢሾፕ እይታ ስለጋረደው ኢ6ን የሚጠብቅ ጠፋ። በአራተኛው ጨዋታ ፈረሱን ከጂ8 ወደ ኤፍ6 ማውጣት ኢ4ን ስለሚያጠቃ ትክክለኛው መልስ ነበር።

ሁለተኛው አደጋ መዘግየት ነው። ነጭ ቢሾፑን ኢ3፣ ንግሥቱን ዲ2 አድርጎ ቢሾፑን ወደ ኤች6 ሲያነጣጥርና የኤች ወታደሩን ሲገፋ፣ ጥቁር መሐሉን በሲ5 ወይም በኢ5 ለመምታት፣ አለዚያም በቢ5 ጎኑን ለመክፈት የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። በተለይ ንጉሡን ቸኩሎ ወደ ጂ8 ያስገባ ጥቁር ጥቃቱን በገዛ እጁ ይጠራል፤ ስለዚህ ነጭ ወዴት እንደሚያዘነብል እስኪታወቅ ድረስ ንጉሡን ኢ8 ላይ ማቆየት ከዚህ መከላከያ ልማዶች አንዱ ነው።