«ድነሃል?» ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የሚከራከሩበት ነገር ምንድን ነው?

 

ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ ወይም የሚውል ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። ጴንጤው «ድነሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ የመጣው ኦርቶዶክስ «እሱን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው፤ እኔ ገና በመንገድ ላይ ነኝ» ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል፦ «እናንተ ሙስሊሞች ጀነት የምትገቡት በሥራችሁ ነው አይደል?»

ብዙዎቻችን «አዎ» ብለን እናልፋለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «እናንተ እኮ ካመናችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን ብትሠሩ ግድ የላችሁም» ብለን እንመልሳለን። ሁለቱም መልሶች ትክክል አይደሉም። የመጀመሪያው ዲናችንን በትክክል አይገልጽም፤ ሁለተኛው ደግሞ ጎረቤቶቻችን ያላሉትን እንዳሉ ያደርጋል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ 5፥8 ለሰዎች ያለን ጥላቻ እንኳ ከፍትሕ እንዳያወጣን አዞናል። ፍትሕ ደግሞ የሰውን አቋም እሱ ራሱ በሚቀበለው መልኩ ከመረዳት ይጀምራል።

ክርክሩ ከየት መጣ?

በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፔላጊየስ የተባለ መነኩሴ የአዳም ኃጢአት ወደ ልጆቹ እንደማይተላለፍ፣ ሰውም በፈቃዱ ከኃጢአት መራቅ እንደሚችል አስተማረ። በዛሬዋ አልጄሪያ የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ተቃወመው። የሰው ፈቃድ በውድቀት ስለታመመ የእግዚአብሔር ጸጋ ካልቀደመው ወደ መልካም መዞር አይችልም አለ። በ418 በካርቴጅ የተሰበሰበ ጉባኤ የፔላጊየስን ትምህርት አወገዘ።

ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1517፣ ጀርመናዊው ማርቲን ሉተር ክርክሩን እንደገና ቀሰቀሰው። በጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች መልእክት (3፥28) ላይ ተመርኩዞ ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ ነው አለ። ተቃዋሚዎቹ የያዕቆብን መልእክት (2፥24) ጠቀሱበት፤ እዚያ ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራም እንደሚጸድቅ ተጽፏልና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ በ1547 የሉተርን አቋም በውሳኔ ውድቅ አደረገች። በ1999 ግን የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽንና ካቶሊኮች በጉዳዩ ላይ የጋራ መግለጫ ፈርመው ልዩነታቸውን አጥብበዋል።

ፕሮቴስታንቶችም እርስ በርስ ተለያይተዋል። የካልቪን ተከታዮች የሚድነውን አስቀድሞ የመረጠው እግዚአብሔር ነው ሲሉ፣ የአርሚኒየስ ተከታዮች ሰው ጸጋውን የመቀበልም የመግፋትም ፈቃድ አለው አሉ። ከ1618 እስከ 1619 የተካሄደው የዶርት ጉባኤ የአርሚኒየስን ወገን ቢያወግዝም ክርክሩ ዛሬም አለ።

በሀገራችን

ኢትዮጵያዊ ለዚህ ክርክር እንግዳ አይደለም። በ1534 ዲያቆን ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተወያይቷል። ከሉተር ወገን የሆነችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1959 (በእኛ 1951) በሀገር አቀፍ ደረጃ ተመሠረተች።

የኦርቶዶክስ ትምህርት «ሃይማኖትና ምግባር» ሁለቱም ያስፈልጋሉ ይላል። ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ጾምና ምጽዋት የመዳን መንገድ ናቸው። ያም ሆኖ ሰው በጾሙ መንግሥተ ሰማያትን ይገዛል አይሉም፤ መሠረቱ የክርስቶስ ጸጋ ነው ይላሉ። ወንጌላውያኑም ሥራን አይጥሉም። ለእነሱ መልካም ሥራ የእምነት ፍሬ እንጂ የመዳን ምክንያት አይደለም፤ ፍሬ የሌለው እምነት ደግሞ እውነተኛ እምነት አይደለም። ስለዚህ «ካመንክ የፈለግከውን አድርግ» የሚለው የሁለቱም አቋም አይደለም።

እኛ ዘንድስ?

የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጀብሪያዎች ሰው ምርጫ የለውም አሉ፤ ቀደሪያዎች ቀደርን ካዱ። ሙርጂኣዎች ሥራን ከኢማን አወጡ፤ ኸዋሪጆች ከባድ ወንጀል የሠራን ሙስሊም ከእስልምና አስወጡ። የአህለ ሱና ዑለማዎች መካከለኛውን መንገድ ያዙ። ሰው ፈቃድ አለው (18፥29)፤ ፈቃዱ ግን ከአላህ ፈቃድ ውጭ አይደለም (81፥29)። ሰሓባዎች ሁሉም ነገር ከተጻፈ ለምን በተጻፈልን አንመካም ብለው ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲሠሩና ለእያንዳንዱም የተፈጠረለት እንደሚገራለት ነግረዋቸዋል።

ታዲያ ጀነት በሥራ ነው? በሱረቱ ነሕል 16፥32 መላእክት አማኞችን በሠሩት ምክንያት ጀነት ግቡ ይሏቸዋል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማንንም ሥራው ጀነት እንደማያስገባው፣ እሳቸውም ቢሆኑ አላህ በራሕመቱ ካልሸፈናቸው በቀር እንደማይገቡ ተናግረዋል። ዑለማዎች ሁለቱን ሲያስታርቁ ሥራ ሰበብ ነው እንጂ ዋጋ አይደለም ይላሉ። ገበሬ ካልዘራ አያጭድም፤ ዝናቡን ያወረደው ግን እሱ አይደለም። ሥልሳ ዓመት የሰገደ ሰው የአንዲት ዓይኑን ጸጋ እንኳ አይከፍልም።

እውነተኛው ልዩነት

እንግዲህ ልዩነታችን «እኛ በሥራ፣ እነሱ በእምነት» አይደለም። ልዩነቱ ከዚያ በፊት ነው። በክርስትና ትምህርት ሰው ከአዳም የወረሰው ውድቀት አለበት፤ ከዚያ የሚያወጣው ደግሞ በመስቀል ላይ የተከፈለ ቤዛ ነው። በእኛ ዘንድ አደም (ዐ.ሰ) ተውበት አደረጉ፤ አላህም ተቀበላቸው (2፥37)። ነገሩ እዚያው አለቀ። ማንም ነፍስ የሌላውን ሸክም አትሸከምም (35፥18)። አላህ ለመማር ቤዛ አያስፈልገውም። የተውሒድና የዒሳ (ዐ.ሰ) ጉዳይ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ መነጋገር ካለብን በዚህ ላይ እንነጋገር።

የፒያሳ ሰፈሮች በእኛ አቆጣጠር በ2016 ለልማት ሲፈርሱ አብሮ ያደገ ጎረቤት ወደየአቅጣጫው ሄዷል። በአዲሱ ሰፈር የምናገኘው ክርስቲያን ከልጅነት አያውቀንም፤ የሚያውቀን በመጀመሪያው መልሳችን ነው። «በሥራችሁ ነው አይደል?» ሲለን «በአላህ ራሕመት ነው፤ ሥራችን ራሕመቱን የምንፈልግበት ሰበብ ነው» እንበለው። ከዚያ የእሱን እንጠይቀው፤ ሳናቋርጠውም እናዳምጠው። አላህ በመልካሙ መንገድ እንጂ እንዳንከራከር ያዘዘን (29፥46) ለዚሁ ነው።

ወላሁ አዕለም።