ውኃ የወሰደውን በስሙ መፈለግ

የቤተሰብ ዓምድ

በምድር ላይ የወደቀ ወታደር፣ ዕድል ከቀናው፣ ጓደኞቹ አፈር ያለብሱታል። ውኃ የወሰደው ሰው ግን መቃብር የለውም። መርዶው በወጉ አይነገርም፤ ቤተ ዘመድ እርሙን አያወጣም፤ የአርባው ቀን ተዝካር ከየትኛው ዕለት እንደሚቈጠር አይታወቅም። ሚስቱንም ባለትዳር እንዳይሏት ባሏ በቤት የለም፤ መበለት እንዳይሏት መርዶዋ አልመጣም። ከብዙ ዘመን በኋላ የልጅ ልጅ ተነሥቶ «አያቴ የት ቀረ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በእውነት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን።

ይህ ፍለጋ እንዴት እንደሚሳካና እንዴት እንደሚከሽፍ የካርቱምን ያህል የሚያስተምር ከተማ ጥቂት ነው። ከኛ ከጣና የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ይህች ከተማ ከባሕር ብትርቅም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የእንፋሎት መርከቦች መናኸሪያ ነበረች። የወንዝ መርከበኞችም እንደ ባሕር መርከበኞች ወጥተው ይቀሩባት ነበር።

በ1884 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የማህዲ ጦር ካርቱምን ከበበ። የከተማይቱ አዛዥ እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን ሴፕቴምበር 10 ቀን «ዓባስ» የተባለችውን የእንፋሎት መርከብ ወደ ሰሜን ላከ። በላይዋም ምክትሉ ኮሎኔል ስቱዋርት፣ የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ወኪል ፍራንክ ፓወርና የፈረንሳይ ቆንስል ኤርባን ነበሩ። መርከቧ በመናሲር ሰዎች አገር ከአለት ጋር ተጋጭታ ቀረች። ወደ ዳር የወጡትም ሴፕቴምበር 18 ቀን በተንኮል ተገደሉ። የያዙት የከበባው ማስታወሻና ደብዳቤ በማህዲ እጅ ገባ። ማህዲውም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተማረከውን ወረቀት እየዘረዘረ ለጎርደን ጻፈለት።

የሦስቱ ሰዎች ስም ዛሬም በየታሪክ መጽሐፉ ይገኛል። ይሁን እንጂ የመርከቧን መሪ የያዘው ማን ነበር? እሳቱን ያነደደው፣ የውኃውን ጥልቀት በዘንግ የለካውስ? እነዚህም ሰዎች ሚስትና ልጅ ሳይኖራቸው አልቀረም። ታሪኩ በተለምዶ ሲነገር ግን «የመርከቧ ሰዎች» ከመባል በቀር ስም አልተረፈላቸውም።

አሁን ደግሞ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወንዝ፣ ለዚያው ጉዳይ የወጡ ሌሎች የጀልባ ሰዎችን እንመልከት። ጎርደንን ለማዳን የተላከውን ጦር የመራው ጄኔራል ወልስሊ በ1870 በካናዳ በቀይ ወንዝ ዘመቻ ላይ የአገሩን ቀዛፊዎች ችሎታ አይቶ ነበር። ስለዚህ የዓባይን አለታማ መሰናክሎች በጀልባ ለማለፍ «ቮያጀር» የሚባሉትን እነዚያን ቀዛፊዎች ከካናዳ አስጠራ። ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ለስድስት ወር ተቀጥረው መጡ። ከነሱ መካከል ከካናዋጋ መንደር የመጡ ወደ 60 የሚጠጉ የሞሃውክ ሕዝብ ተወላጆች ነበሩ። የዘመቻው ፍጻሜ መራራ ሆነ። ካርቱም ጃኑዋሪ 26 ቀን 1885 ወደቀች፤ ጎርደንም ተገደለ። የቀዳሚው ጦር መርከቦች ከከተማይቱ ፊት የደረሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር።

ከቀዛፊዎቹ 16ቱ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ከፊሎቹ በወንዙ ሰጥመው፣ ከፊሎቹ በበሽታና በአደጋ ሞቱ። እነዚህ ሰዎች መኮንኖች አልነበሩም፤ ቅጥር ሠራተኞች ነበሩ። ዳሩ ግን ዛሬ በኦታዋ በተቀመጠው የመታሰቢያ መጽሐፍ ስማቸው ተጽፎ ይነበባል። የካናዋጋዎቹ አለቃ ሉዊስ ጃክሰን በ1885 ስለ ጉዟቸው ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የታሪክ ሊቁ ስቴሲም በ1959 የዘመቻውን ሰነዶች ሰብስቦ አወጣ። ስለዚህ የልጅ ልጃቸው የቅድመ አያቱን ስም ከነመንደሩ ይዞ ቢነሣ የሚጨብጠው ነገር አያጣም።

ሁለቱንም የወሰዳቸው አንድ ወንዝ ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ ተጽፈው እነዚያ የተረሱት ለምንድን ነው? ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀዛፊዎቹ ሲቀጠሩ ውል ፈርመዋል፤ ደመወዛቸው በመዝገብ ተከፍሏል። ተራውን ሰው ከመረሳት የሚያድነው ብዙ ጊዜ ሐውልት ሳይሆን የደመወዝ መዝገብ ነው። በእንግሊዝ የንግድ መርከቦችም ነገሩ እንደዚሁ ነው። የመርከበኞች የውል ዝርዝር በሕግ ይያዝ ስለነበር፣ ከ1863 እስከ 1938 ካለው 70 በመቶ ያህሉ ዛሬም በካናዳ በኒውፋውንድላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። ባሕር የዋጠው ሰው በመጨረሻ የተሳፈረበት መርከብ ስም ከታወቀ ፍለጋው ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

መዝገብም ቢሆን ሟች ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱንና ንብረቱን ጥሎ ተሰደደ፤ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየምም ተዘረፈ። በእንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ጀምሮ የተጠራቀመው የሱዳን ማኅደር ግን በስፍራው አለ። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ወረቀት በአንድ ቤት ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። በ1991 የቀሩት መርከቦቹ ባሕረኞቻቸውን ይዘው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። በዚያው ወራት በሺህ የሚቈጠሩ ወታደሮች በከሰላ በኩል ወደ ሱዳን ገቡ። «አባቴ የት ቀረ?» የሚሉ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ሆነዋል።

የእኛን ሰው በባዕድ መዝገብ መፈለግ ደግሞ የራሱ እንቅፋት አለው። በእኛ ዘንድ የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። የባዕድ ጸሐፊ ግን «ገብረ ማርያም»ን ከሁለት ከፍሎ «ማርያም» በሚለው ሊመዘግበው ይችላል። በዐረብኛ ሲጻፍ አናባቢው ይቀርና አንዱ ስም ሌላውን ይመስላል። ሰውየው በክርስትና ስሙ፣ በዓለም ስሙ ወይም በቅጽል ስሙ ተመዝግቦ ሊገኝም ይችላል። ዘመኑም ያሳስታል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ይህን የዘነጋ ፈላጊ በተሳሳተው ዓመት መዝገብ ውስጥ ሲደክም ይኖራል።

እንግዲህ ውድ እኅቶችና ወንድሞች፣ ይህን ዓምድ አንብባችሁ ስታበቁ አንድ ደብተር አውጡ። የባለቤታችሁን ስም እስከ አያት፣ ከክርስትና ስሙና ከቅጽል ስሙ ጋር ጻፉ። የመለያ ቍጥሩን፣ የክፍሉን ወይም የመርከቡን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌና ወረዳ አክሉ። የመጨረሻውን ደብዳቤ ከነፖስታው አስቀምጡ፤ በማኅተሙ ላይ ያለው ቀንና ቦታ ከደብዳቤው ቃል የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ አለና። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። አንዱን ግልባጭ ከሰፈር ውጭ ለምትኖር እናት ወይም እኅት ላኩ። አስቀድሞ የጠፋባችሁ ሰው ካለም ይህንኑ ደብተር ይዛችሁ ወደ መከላከያ መዝገብ ቤትና ወደ ቀይ መስቀል ሂዱ፤ ቀይ መስቀል በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን ማፈላለግ አንዱ ተግባሩ ነው።

ወንድሞች ሆይ፣ እናንተም ይህን ሲጠይቋችሁ «ሟርት ነው» ብላችሁ አትቈጡ። የካናዳው ቀዛፊ ስሙን ያስጻፈው ሞቱን ሲጠብቅ አልነበረም፤ ደመወዙን ሲጠብቅ ነበር። ያ መስመር ግን ከ140 ዓመት በኋላ ለልጅ ልጁ መርዶም፣ ቀንም፣ ቦታም ሆነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአባቶች ቃል መቃብር ላላገኘውም ይሠራል፤ ስሙን በቤቱ የጻፈለት ሰው ካለ።